የክረምት ወራትና የልጆቻችን ቋንቋ

(በሬዲዮ ፕሮግራም ቀርቦ ለኅትመት የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



ሰኔ ሲጋመስ በየቤቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይነሳል። ልጆቹ ፈተና ሊጨርሱ ነው፤ ትምህርት ቤት እስከ መስከረም ይዘጋል፤ እስከዚያው ምን እናድርጋቸው? አንዱ ማጠናከሪያ ትምህርት ያስመዘግባል፣ ሌላው መድረሳ ይልካል፣ ብዙው ደግሞ፣ አላህ ይምራንና፣ ለቴሌቪዥንና ለሞባይል አስረክቦ ወደ ሥራው ይሄዳል። የዛሬው ዝግጅታችን ስለነዚህ ወራት ነው። በተለይ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔና በአካባቢው ለምትኖሩ ቤተሰቦች ነው የምናገረው፤ ጉዳዩ ግን ሌላ ቦታ ያላችሁትንም ይነካል።

ነገሩን ያነሳሳኝ አንድ ገጠመኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዳማ ውስጥ ታመው የተኙ አንዲት አዛውንት ልጠይቅ ሄድኩ። ከኢተያ ገጠር ለሕክምና የመጡ፣ የአንድ የጀመዓችን ወንድም እናት ናቸው። አጠገባቸው የአሥራ ሦስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ቆሟል። አዛውንቷ የልጁን እጅ ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ድምፃቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ለረጅም ጊዜ ተናገሩ። የልጁ ፊት ተለዋወጠ። ድንገት እጁን አስለቅቆ ወጣና ነርሷን እየጎተተ መጣ። «አኮን በጣም እያመማት ነው፤ እየጮኸች ነው» አላት። ነርሷ ጎንበስ ብላ አዳመጠች። ቀና ስትል፣ «አላመማትም፤ እየመረቀችህ ነው። አሚን በል» አለችው።

ልጁ አሚን አለ። ግን የትኛው ላይ አሚን እንደሚባል አያውቅም። አላህ እድሜህን ያርዝመው ሲሉት ዝም ይላል፤ ትራሴን ከፍ አድርግልኝ ሲሉት አሚን ይላል።

ልጁ ሰነፍ እንዳይመስላችሁ። የሚማርበት ትምህርት ቤት አፋን ኦሮሞን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ያስተምራል፤ ልጁ ቁቤውን አሳምሮ ያነባል፤ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት ያልፋል። አባቱ የአርሲ ልጅ ነው፣ እናቱ ከወሎ ናት፣ ቤት ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነው። በአዳማ እንዲህ ዓይነት ቤት ስንት እንዳለ እናንተው ታውቃላችሁ። ባቡሩም የመኪና መንገዱም የሚያልፍባት ከተማ ስለሆነች ከአርሲ፣ ከስልጤ፣ ከጉራጌ፣ ከወሎ፣ ከሐረርጌ የመጣው ሁሉ ተጋብቶ ተዋልዶባታል። ባልና ሚስት የሚግባቡበት ቋንቋ ቤቱን ይይዘዋል፤ ልጆቹም በሱ ያድጋሉ። ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ የኔም ቤት ከዚህ የራቀ አይደለም።

ጥያቄው ሌላ ነው። በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ለዓመታት የተማረ ልጅ፣ የአያቱን ምርቃት ከሕመም ጩኸት መለየት ለምን አቃተው?

ቋንቋው በደብተር ላይ ብቻ ስለቀረ ነው። ተርቦ እንጀራ የጠየቀበት፣ ተጣልቶ የተሳደበበት፣ ጠፍቶ መንገድ የጠየቀበት ቋንቋ አይደለም። በክፍል ውስጥ ካልመለሰ ምልክት ይቀነስበታል፣ ከዚያ ያለፈ ችግር አይገጥመውም። አራት ሰዓት ላይ ደውሉ ተደውሎ አስተማሪው ሲወጣ ቋንቋውም አብሮ ይወጣል።

ቀደምቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁት ነበር። የመካ ቁረይሾች ሕፃናትን ወደ በረሃ፣ ወደ ዘላኖቹ ጎሳዎች ይልኩ ነበር። ምክንያቱ ንጹሕ አየር ብቻ አልነበረም። መካ የነጋዴና የሐጃጅ መናኸሪያ ናት፤ ከየአገሩ የሚመጣው ሰው ቋንቋውን ይቀላቅለዋል። ጥራት ያለው ዐረብኛ የሚሰማው ከግመል ጠባቂዎቹ ዘንድ ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሐሊማ አስ-ሰዕዲያ እጅ በበኒ ሰዕድ ጎሳ መካከል ያደጉት በዚሁ ልማድ ነው። አዳማን የሚያውቅ ሰው በዚህ በኩል መካን ለመገመት አይቸገርም፤ አርሲም ከኛ ብዙ አይርቅም።

ኢማሙ ሻፊዒይን (ረሒመሁላህ) እንውሰድ። የአብዛኛው የአርሲና የባሌ ሰው መዝሀብ ባለቤት ናቸው። በ150 ዓመተ ሂጅራ ጋዛ ተወልደው መካ ነው ያደጉት። በወጣትነታቸው ወደ ሁዘይል ጎሳ ወጥተው፣ ጎሳው ሲሰፍር እየሰፈሩ ሲጓዝ እየተጓዙ ለዓመታት አብረዋቸው ኖሩ። ታላቁ የቋንቋ ሊቅ አል-አስመዒይ የሁዘይልን ግጥሞች ያረመው በኚሁ ወጣት ዘንድ እንደሆነ ይነገራል። ልብ በሉ፤ እኚህ ሰው ቁረይሽ ናቸው፣ አፋቸውን የፈቱት በዐረብኛ ነው። ግን ለቁርኣን የሚፈልጉት ዐረብኛ ከተማ ውስጥ አልተገኘም፤ ካለበት ሄደው አመጡት።

ዘይድ ኢብኑ ሳቢትም (ረ.ዐ) አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ገደማ ነበር። የአይሁዶቹን ጽሕፈት እንዲማር አዘዙት፤ በግማሽ ወር ያህል እንደቻለው አቡ ዳውድና ቲርሚዚይ በዘገቡት ሐዲስ ላይ ራሱ ተናግሯል። እውነት ነው፣ የዘይድ አእምሮ የተለየ ነበር፣ ጎረቤቶቹም አይሁዶች ነበሩ። ስለዚህ ልጆቻችሁን በግማሽ ወር ቻሉ ብላችሁ አታስጨንቁ። ግን አንድ ነገር ከዚህ እንያዝ። ዘይድን የሚጠብቀው ፈተና ሳይሆን ሥራ ነበር። ደብዳቤ ይመጣል፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንብብልኝ ይሉታል፤ መልስ ይጻፋል፣ የሚጽፈው እሱ ነው።

ለኛ ለሐበሾች ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ደስ የምትለኝ ኡሙ ኻሊድ ናት። የኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ ልጅ፣ ወላጆቿ ወደ ሐበሻ ተሰደው ሳለ እዚሁ የተወለደች ልጅ ናት። ስደተኞቹ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ሲመለሱ አብራቸው መዲና ገባች። ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ያለበት ትንሽ ልብስ መጥቶላቸው ልጅቷን አስጠርተው በእጃቸው አለበሷት፤ ወደ ጥለቱም እያመለከቱ «ሰናህ፣ ሰናህ» አሏት። ቃሉ የሐበሻ ቋንቋ ነው፤ ቆንጆ ማለት እንደሆነ ዘጋቢዎቹ ይገልጻሉ። ከግእዙ «ሠናይ» ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ አስተውሉ! ያቺ ልጅ ሐበሻ ውስጥ ከልጆች ጋር ስትጫወት የሰማችውን ቃል፣ ከአላህ መልእክተኛ አፍ በመዲና ስትሰማ ምን ተሰምቷት ይሆን?

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በልጅነቴ ደረሳ ነበርኩ። አጅሩሚያን ቀርቻለሁ፣ ሙልሓንም ቀጥርንም ከዚያም ከአልፊያ ደህና አድርጌ ተምሬያለሁ፤ ኋላም ኮሌጅ ገብቻለሁ። አላህ ወፍቆኝ ሐጅ ስሄድ፣ ዐረብኛ ለሚያውቅ ሰው መካ ምን ትቸግራለች ብዬ ነበር። ብርድ ልብስ ልገዛ ሱቅ ገባሁ። እኔ ፋዒሉንና መፍዑሉን አስተካክዬ ዐረፍተ ነገሬን እስክጨርስ፣ ባለሱቁ ለሦስት ሰው ሸጦ ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት ሰውየው ራሱ ባንግላዴሻዊ ነው። ዐረብኛው ኢዕራብ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ግን ይሸጥበታል፣ ይከራከርበታል፣ ይስቅበታል። የተማረው ሱቅ ውስጥ ነዋ።

ይህን ስል የአገራችንን የደረሳ ትምህርት ማሳነሴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በወሎ ጀማ ንጉሥና ዳና በመሳሰሉት ስፍራዎች የቆየው ትምህርት ለኪታብ ንባብ ወደር የለውም። የተዘጋጀው ለንባብ ነው፤ ኪታቡ ዐረብኛ፣ ማብራሪያው ግን የአካባቢው ቋንቋ ነበር። ስለዚህ ከአርሲና ከባሌ በኩል ወሎ የወረደ ደረሳ ነሕው ሊማር ሄዶ ጥርት ያለ አማርኛም ይዞ ይመለሳል። አማርኛን ማንም አላስተማረውም፤ ሸይኹ ያብራሩለት የነበረው፣ እራት የሚለምንበት፣ ከጓደኛው ጋር የሚያወጋበት እሱ ስለነበር ነው።

ሌላው ዓለም ይህንን በሥርዓት አደራጅቶታል። በአሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ኮንኮርዲያ የተባለ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1961 ለልጆች የበጋ የቋንቋ መንደር ጀመረ። መጀመሪያ ጀርመንኛ ነበር፤ ቀስ በቀስ ሌሎች ቋንቋዎች ተጨመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 «አል-ዋሓ» የተባለ የዐረብኛ መንደር ተከፈተ። ልጁ ሲገባ በቋንቋው አዲስ ስም ይወጣለታል፣ ገንዘቡን በዚያ አገር ገንዘብ ይለውጣል፣ ምግቡም ዘፈኑም ጨዋታውም በዚያው ቋንቋ ነው። ሚድልበሪ የተባለው ኮሌጅ ደግሞ ለትልልቆች የበጋ ትምህርት ሲሰጥ፣ ተማሪው ከሚማረው ቋንቋ በቀር ሌላ ላለመናገር ቃል ገብቶ ይፈርማል። በኒውዚላንድ ያሉ ማኦሪዎች ቋንቋቸው ሊጠፋ ሲል እ.ኤ.አ. በ1982 «የቋንቋ ጎጆ» ያሉትን የሕፃናት ማዋያ አቋቋሙ። ጎጆው ውስጥ ሕፃናቱን በቋንቋው የሚያሳድጓቸው አያቶቹ ናቸው።

ሰዎቹ ጫካ ውስጥ መንደር ሠርተው፣ ሱቅ ከፍተው፣ የውሸት ገንዘብ ለውጠው የሚፈጥሩትን ነገር እኛ ኢተያ፣ ሁሩታ፣ ዴራ፣ ሳጉሬ፣ ኮፈሌ ላይ አለን። የሚገርመው፣ በዚያው በሚኒሶታ የሚኖሩ ብዙ ኦሮሞ ወገኖቻችን ልጆቻቸው ቋንቋውን እንዲሰሙላቸው የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጠው ይመጣሉ። እኛ የአንድ ሰዓት የሚኒባስ መንገድ ላይ ተቀምጠን ልጁን ከሞባይል ጋር እናከርመዋለን።

እንግዲህ ልጁን ወደ ገጠር ዘመድ ለመላክ ያሰበ ወላጅ ምን ይጠንቀቅ? ትልቁ እንቅፋት ማን እንደሆነ ብነግራችሁ አታምኑኝም። የዘመዶቻችን እንግዳ ተቀባይነት ነው! የከተማ ልጅ መጣ ብለው፣ እንዳይከፋው ብለው፣ በሚችሏት ጥቂት አማርኛ ይንከባከቡታል። ሁለት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ በአማርኛ አውርቶት የተመለሰ ልጅ አውቃለሁ፤ የሱ አፋን ኦሮሞ ባለበት ቀርቶ የአጎቱ አማርኛ ተሻሽሎ ነበር። ስለዚህ ልጁን ከመላካችሁ በፊት ለአያቱም ለአክስቱም አደራ በሉ። «ልጄ እንግዳ አይደለም፤ ውሃ ቢፈልግ በቋንቋችሁ ይጠይቅ።» አንድ ቀን ቢቸገር አይጎዳም።

ሁለተኛ፣ ወንድምና እህት አንድ ቤት አትላኩ። ሁለት ሆነው ከሄዱ ጓዳ ውስጥ ትንሽ አዳማ ይመሠርታሉ። አንዱ አያቱ ዘንድ፣ ሌላው አጎቱ ዘንድ ይሁን። ስልኩም እንዲሁ ነው። ማታ ማታ እየደወላችሁ በአማርኛ «ምን በላህ? ናፈቅከን» የምትሉ ከሆነ ልጁ ከቤት አልወጣም ማለት ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። እናቶች በዚህ እንደምትቆጡኝ አውቃለሁ።

በአሥረኛው ቀን ልጁን «እስቲ ተናገር» አትበሉት። አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ልጅ መጀመሪያ ዝም ይላል። ዝም ያለው ሳይማር ቀርቶ አይደለም፤ እየሰማ ነው። አንዳንዱ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዱ ከወር በላይ ይቆያል። ከዚያ አንድ ቀን ከብት እህል ውስጥ ሲገባ ሳያስበው ይጮኻል። ያን ጊዜ ስህተቱን እየለቀሙ መሳቅ ነውር ነው፤ ብዙ ልጅ አንድ ጊዜ ተስቆበት ለዘላለሙ አፉን ይዘጋል።

ሐምሌና ነሐሴ በአርሲ ደጋ የአረም ወቅት ነው። ልጁ እርሻ ላይ ይውጣ፣ ከብት ይጠብቅ፣ ገበያ ይከተል፤ ማታ እሳት ዳር ሂቦ ሲጠያየቁ ይቀመጥ። እንቆቅልሹን ባይፈታው ግድ የለም፤ እሱ ግራ ሲጋባ ሌሎቹ ይስቃሉ፣ እሱም ይስቃል። የአዳማ ሙቀት የለመደ ልጅ በዚያ ብርድ ስለሚቸገር ጋቢና ቦት ጫማ አትርሱ። ሶላቱን ከአያቱ ጋር ጀመዓ ይስገድ፤ ወደ መስጊድ ሲሄዱ መንገድ ላይ የሚወራው ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

ስለ ሴት ልጆች አንድ ነገር ልበል። ሴት ልጅ ስትላክ ብዙ ጊዜ ለሥራ ጉልበት ነው። ከሌሊት እስከ ሌሊት እንጨትና ውሃ ስትሸከም የከረመች ልጅ ቋንቋውን ሳይሆን ዘመዶቿን ጠልታ ትመለሳለች። በምታምኗት አክስት እጅ ትሁን፤ ሥራ ትርዳ፣ ግን ለጨዋታና ለቂርኣትም ጊዜ ይሰጣት።

ገጠር ዘመድ የሌለውስ? የስልጤው ቤተሰብ ልጁን ወደ ወራቤ፣ የወሎው ወደ ከሚሴና ደሴ ይላክ፤ የራሱን አያት ቋንቋ ያግኝ። ያም ካልሆነ፣ በመስጊድ የምትተዋወቁ ሰዎች ልጅ ተለዋወጡ። የአዳማው ልጅ ዴራ ይክረም፤ የዴራው አዳማ መጥቶ አማርኛውን ያሻሽል። በአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ይህን ዓይነት ልውውጥ ለዘመናት አድርገውታል። የሁለት ጓደኛሞች መተማመን እንጂ በጀት አይጠይቅም።

የመንገዱ ጸጥታ የሚያሳስባችሁ ወላጆች አላችሁ፤ ስጋታችሁ ተገቢ ነው። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ስንት ቤተሰብ ሐዘን እንደተቀመጠ እናውቃለን። ቀያችሁ ሰላም ካልሆነ ልጅ አትላኩ፤ ነፍስ ከቋንቋ ይቀድማል። ይልቅ አያቲቱን ወደ አዳማ አምጧቸው። ሲመጡም ጥግ ላይ አስቀምጣችሁ ሻይ ብቻ አታቅርቡላቸው። አንድ ክፍል የሳቸው ይሁን፤ እዚያ ክፍል የገባ ሁሉ በሳቸው ቋንቋ ይናገር፣ የልጆቹ አባትም ጭምር። የማኦሪዎቹ ጎጆ ከዚህ የተለየ አይደለም።

አንዳንድ ወንድሞች ደግሞ «ቋንቋ ዛሬ የፖለቲካ ጉዳይ ሆኗል፤ እኛን ምን አገባን?» ይላሉ። በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ተወስኗል፤ ለልጁ የወደፊት ሥራ እንደሚጠቅመው ግልጽ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት የማስታውሰው ሱረቱ ሩም 22ኛውን አንቀጽ ነው። አላህ (ሱ.ወ) የቋንቋዎቻችንን መለያየት ከሰማያትና ከምድር መፈጠር ጋር በአንድ አንቀጽ ከተአምራቱ ቆጥሮታል። አያቱን የማይሰማ ልጅ ሲላተል ረሒሙን በምን ይቀጥላል? እጅ ስሞ ይወጣል፣ በቃ።

ዐረብኛ ይማርልን ለምትሉም ነገሩ ያው ነው። በየመስጊዱ የክረምት ኮርስ ይሰጣል፣ አል-ሐምዱ ሊላህ። ግን ልጁ ሦስት ክረምት «ሃዛ ባቡን» ብሎ በሩን እያመለከተ፣ በሩን ክፈትልኝ ማለት ካልቻለ ዘዴያችንን እንመርምር። ኡስታዞች ሆይ፣ ከቀኑ ውስጥ ሁለት ሰዓት እንኳ አማርኛም አፋን ኦሮሞም የማይነገርበት አድርጉ። ልጁ ውሃ ለመጠጣት ሲወጣ በዐረብኛ ያስፈቅድ፤ ጫማው ሲጠፋ በዐረብኛ ይፈልግ፤ ከዐስር በኋላ ኳሱንም በዐረብኛ ይጫወት። ሃያ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይበቃል፤ ግን በየቀኑ የሚፈለግ ሃያ። ነሕው ከዚያ ይቀጥላል፤ ያን ጊዜ ልጁ ሕጉን የሚማረው በአፉ ላለ ነገር ነው። እኔ በተቃራኒው ሄጄ መካ ላይ ያገኘሁትን ነግሬአችኋለሁ።

ያ የአዳማው ልጅ የት ደረሰ የምትሉኝ ካላችሁ፣ አዛውንቷ ድነው ወደ ኢተያ ተመለሱ። በቀጣዩ ክረምት አባቱ ልጁን ወስዶ አያቱ ዘንድ ተወው። አምስት ሳምንት ዝም አለ፤ አባትየው ተስፋ ቆርጦ ሊመልሰው ነበር። ጳጉሜ ላይ ሲመለስ የአርሲን ገጠር አነጋገር ይዞ መጣ፤ መስከረም ላይ የክፍል ጓደኞቹ በአነጋገሩ ሳቁበት። ሰዋስው ላይ ዛሬም ይሳሳታል። አሁን ጁሙዓ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ የአባቱን ስልክ ወስዶ አኮ ዘንድ ይደውላል። አባቱ ሊሰማ ጠጋ ሲል ፊቱን ያዞርበታል፤ ምን እንደሚያወሩ አይነግረውም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።